በአጥንት ላይ የቀረበ ክስ

«ጋሽ እንድሪስ፣ እንዴት አደሩ?» አለ ጠያቂው።

«አልሐምዱሊላህ። አንተስ እንዴት አደርክ?»

«ደህና አደርኩ። እግርዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ።»

«የሚያምዎት ቦታ አለ?»

«ምንም የለም። ሁሉ ሰላም ነው።»

«ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። መልካም ቀን።»

«አሚን። ላንተም ያድርግልህ።»

ሉባባ በሩ ላይ ቆማ የሥራ ካፖርቷን እየቆለፈች ንግግሩ እስኪያልቅ ጠበቀች። ሲያልቅ ወደ አባቷ ሄዳ ቁጢጥ አለችና የሱሪውን እግር እስከ ጉልበቱ ሰበሰበችው። ቅልጥሙ ላይ ያለው ቆዳ ቀልቶ ያብረቀርቃል። ትላንት የጠቀለለችለት ፋሻ መሐሉ ቢጫ ሆኗል።

«አባ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ላብ ነው።»

«ላብ እንዲህ ይሸታል?»

«የኔ ላብ መቼም ሽቶ ሽቶ አይልም» አለና ሻዩን ፉት አለ።

ጠያቂው የክብሪት ሳጥን ያህላል፤ መስኮቱ ላይ ይቀመጣል። ሲያመጡት የነገሯቸው ረጅም ስም ነበረው፤ ማንም አልያዘውም። በየጠዋቱ ስለሚጠይቅ ሰዉ ጠያቂው አለው፣ በዚያው ጸና። ከአጥንቱ የሰማውንና ከባለ አጥንቱ የሰማውን አንድ ላይ አድርጎ ለአጥንት ጣቢያው ያደርሳል። መድኃኒቶቹ ቁስል ማድረቅ ካቆሙ ወዲህ በኮምቦልቻ ጠያቂ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ከሞተር ሳይክል ወድቆም ይሁን ከፎቅ ሥራ ላይ ተንሸራቶ፣ የሰው አጥንት ከተመረዘ የተመረዘው ተቆርጦ ይወጣል፤ በቦታው የሚገባው፣ ሙቀትና ግፊት የሚለካ ብረት ይታተማል። የአጥንት ማተሚያ ቤት ከፎቶ ኮፒ ቤት የሚለየው በወረፋው ርዝመት ነው።

እንድሪስ ይመር የጂቡቲ መስመር ሾፌር ነበር። መኪኖቹ ራሳቸውን መንዳት ከጀመሩ በኋላ ደግሞ ጎማ ለመቀየር ብቻ የሚወርድ አጃቢ ሆነ። ሚሌ አጠገብ ክሪኩ ሸርተት ብሎ ቅልጥሙን ሰበረው። ባቲ ላይ አንድ ወጌሻ አሰረለት፤ ማሰሪያው ሲፈታ አጥንቱ መግል ይዞ ነበር። ከዚያ በኋላ እግሩ ለዓመታት በአንድ ቀዳዳ ሲፈስ ኖረ። ባለፈው ዓመት ነው ከጉልበቱ በታች እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ፣ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ብረት የገባለት። ከሆስፒታል የወጣ ዕለት ከመናኸሪያ እስከ ቤቱ በእግሬ ካልሄድኩ ብሎ፣ ሉባባን ሻንጣ አስይዞ ፊት ፊቷ ሄደ።

ከኢድ ወዲህ በብረቱ ዙሪያ ያለው ሥጋ እንደገና ተመርዟል። ይህን የሚያውቁት ሦስት ናቸው፤ ሉባባ፣ አጥንቱና እንድሪስ። ከሦስቱ ቃሉ የሚጸናው ግን የእንድሪስ ብቻ ነው።

ሉባባ ከምትሠራበት የጨርቅ ፋብሪካ ፈቃድ ጠይቃ፣ ሰኞ ረፋድ ላይ አጥንት ጣቢያ ሄደች። መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ፉአድ የሚባል ወጣት ነው። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ ዞኑ ያገኘው ሽልማት በመስታወት ተለብጦ ተሰቅሏል፤ «በአገሪቱ ዝቅተኛው ህመም የተመዘገበበት ዞን» ይላል።

«አጥንቱ ቀይ ነው» አለ ፉአድ ስክሪኑን እያየ። «ቀይ ከሆነም ሰንብቷል።»

«እና?»

«ባለቤቱ አረንጓዴ ነው።»

«እኔ ልጁ ነኝ። እኔ ልንገርህ፤ እግሩ መግል ይዟል።»

«አንቺን ያምሻል እንዴ?»

«እኔን አያመኝም። እሱን ነው የሚያመው።»

«እሳቸው አላመመኝም ብለዋል። ዛሬ ጠዋት፣ ትላንት ጠዋት፣ ከትላንት ወዲያም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ የባለቤቱ ቃል ይበልጣል። ድሮ ማሽኑ ብቻ ነበር የሚሰማው። ሰው ጮኸ፤ ስለ ራሳችን ገላ እኛ አንጠየቅም ወይ ተባለ። ሕጉ ወጣ። አሁን ይጠየቃል።»

«እንግዲያው ያንን ሰላምታ አውጡልኝ። እንዴት አደሩ የሚለውን። ሰላም ሲለው ነው የሚበላሸው።»

«የመጀመሪያው ሰላምታ አልነበረውም። በነጋ በጠዋቱ ‹የህመም መጠን፣ ከዜሮ እስከ አስር› ነበር የሚለው። የቃሉ ወረዳ ሰው በሙሉ በመስኮት ወረወረው። ባለጌ ነው ተባለ።»

ሉባባ ሽልማቱን አየችው። ፉአድም ዞር ብሎ አየው፤ ቶሎ መለስ አለ።

«ሐኪሟስ?» አለች።

«ሐሙስ ትመጣለች። ድሮ እዚሁ ነበረች፤ ዞናችን ህመም የለበትም ሲባል ህመም ወዳለበት አዛወሯት። ከሐሙስ በኋላ የምትመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ያልቀላ ሰው ደግሞ ስሙም አይደርሳትም።»

«ክረምቱ እስኪወጣ እግሩስ?»

ፉአድ መልስ ከመስጠቱ በፊት ከኋላዋ የተሰለፉትን አየ። «መርዙ ከጉልበት በላይ ከወጣ አይታተምም» አለ። «ይቆረጣል።»

ልትሄድ ስትል ጠራት። «አንድ መንገድ አለ። የባለቤቱ አእምሮ እንደደከመ ሁለት ጎረቤት ከመሰከረ፣ ቃሉ ወደ ልጁ ይዞራል። ያኔ አንቺ ትመልሽለታለሽ።»

«አባቴ አእምሮው ምንም አልሆነም።»

«እኔ አልኩ እንዴ? መንገዱን ነው የነገርኩሽ።»

ማታ እራት እንደቀረበ ልምምድ ጀመሩ። ሉባባ ጠያቂውን ትራስ ሥር ከታ፣ እሷ መስኮቱ አጠገብ በእሱ ቦታ ተቀመጠች።

«እኔ ጠያቂው ነኝ፣ እሺ? ጋሽ እንድሪስ፣ እንዴት አደሩ?»

«አሁን መሸ እንጂ መቼ ነጋ?»

«አባ!»

«እሺ፣ እሺ። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና—»

«‹ያመኛል› በል።»

«ልል ነበር እኮ። አቋረጥሽኝ።»

«እንደገና። እንዴት አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። አንቺስ?»

ሉባባ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። እንድሪስ ያሳዘናት መስሎት ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አደረገ፤ ብዪ እንጂ ለማለት።

«ለምንድነው የማትለው?» አለች። «ቃሉ ነው የሚከብድህ?»

«ሉባዬ፣ ሰላም ብሎ የመጣን ሰው በጠዋት ምን ልጫነው? ደግሞስ አላህ ዓይን የሰጠኝ፣ ጆሮ የሰጠኝ፣ አንድ ሙሉ እግር የሰጠኝ ሰውዬ፣ አንዱ ቅልጥሜ ስለሞቀ ሁሉን ልካድ?»

«ሰው አይደለም። ማሽን ነው።»

«ሰላም ብሎኛል።»

«ሰላም እንዲል ተደርጎ ነው የተሠራው!»

«እኔስ?» አለ እንድሪስ።

ማክሰኞ ጠዋት ሉባባ ከጠያቂው ጎን ቆማ፣ የራሷን እግር በሁለት እጇ ይዛ ፊቷን አኮማተረች፤ እንዲያስታውስ። እንድሪስ እሷን አየ፣ ጠያቂውን አየ፣ ጣራውን አየ። «ደህና ነው» አለ።

«ውሸት ነው!» አለች ሉባባ። «ያመዋል! እግሩ መግል ይዟል!»

«የሉባባን ድምፅ ሰምቻለሁ» አለ ጠያቂው። «እንዴት አደርሽ ሉባባ?»

«ደህና፣ አልሐምዱሊ—» ብላ አፏን ያዘች።

እንድሪስ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠና እጁ ወደ ቅልጥሙ ወረደ፤ እሷ እንዳላየች ለመሆን ዞር አለች። ከዚያ ፋብሪካ አልሄደችም። ወደ ሀጂ ኑርሁሴን ግቢ ነው የሄደችው።

ሀጂ ኑርሁሴን የሠፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አጥር የገፋም ሚስቱን ያስቀየመም እሳቸው ፊት ይቀርባል። እንደ ሁልጊዜው ከጋሽ ወንዳፍራሽ ጋር ነበሩ። ጋሽ ወንዳፍራሽ የባቡር ጣቢያ ጡረተኛ ነው፤ በጣሪያዎቹ ላይ ያሉትን የፀሐይ ሰሌዳዎች የሚያጥበው ማሽን ሲሳሳት መተቸት የቀን ሥራው ነው። ሉባባ የመጣችበትን ነገር ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተናገረች።

«ሐሰት ልመስክር?» አሉ ሀጂ።

«ሀጂ፣ እግሩ እየበሰበሰ ደህና ነኝ የሚል ሰው፣ አእምሮው ጤነኛ ነው?»

ሀጂ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። «ይሄስ እውነት አለው» አሉ።

ሉባባ በስልኳ የሁለቱን ስም ለጣቢያው ነገረች፤ ወዲያው የጋሽ ወንዳፍራሽ ስልክ ጠራ። የጠያቂው ድምፅ ነበር፤ ሦስቱም ሰሙ።

«ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ እንዴት ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ስለ ጎረቤትዎ ስለ ጋሽ እንድሪስ ልጠይቅዎ ነበር። እንዴት ናቸው?»

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትላንት እንኳ ስንጫወት ነበር።»

«አእምሯቸውስ?»

«ከኔም ካንተም ይሻላል!»

«አመሰግናለሁ። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሀጂ ወደ ጓደኛቸው ዞሩ። «ምን አደረግህ አንተ ሰው?»

«ምን ላድርግ፣ ድንገት ጠየቀኝ!» አለ ጋሽ ወንዳፍራሽ፤ ላብ ይዞታል። «በመልካም ነው የጠየቀኝ።»

ምስክር አንዴ ቃሉን ከሰጠ አይመለስም። ይባስ ብሎ ጋሽ ወንዳፍራሽ ነገሩ ሆዱ ውስጥ አልቀመጥ ብሎት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄዶ ለእንድሪስ ነገረው። ሉባባ ከገበያ ስትመለስ አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። እራት አልበላም። ረቡዕ ጠዋት ጠያቂውን «ደህና ነኝ» ብሎ አሰናበተው። ከዚያ ሉባባን ሳያያት ተናገረ።

«ከዙሁር ሶላት በኋላ ሀጂ ግቢ ትቀርቢያለሽ። ከስሼሻለሁ።»

ሽምግልናው ከፀሐይ ሰሌዳዎቹ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ሀጂ ዱአ አድርገው ከፈቱ። አባትና ልጅ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ሆኑ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ሁለተኛው ሽማግሌ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ጥፋተኛ የሚመስለውም እሱ ነው።

«እንድሪስ» አሉ ሀጂ፣ «ይህች ልጅ ምን አደረገችህ?»

እንድሪስ ለመናገር አልቸገረውም። «አሳደግኳት። እናቷ ስትሞት አባትም እናትም ሆንኩ። አሁን በሰው ፊት አብዷል ልታስብለኝ ጎረቤት ለጎረቤት ዞረች። ትላንት ይህን የሰማሁ ጊዜ እዚህ ላይ አመመኝ» አለና ደረቱን ነካ። «ሌሊቱን ሙሉ አመመኝ። አሁንም እያመመኝ ነው። ሰው ሁሉ ቢለኝ አይከፋኝም፤ እሷ ስላለችኝ ግን አመመኝ።»

ሉባባ ቀና ብላ አየችው። ያንን ቃል ከአፉ ለማውጣት ምን ያህል እንደታገለች አሰበች፤ እሱ ግን በአንድ ትንፋሽ ሦስቴ አለው፤ ቦታውን በጣቱ እያሳየ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እየቆጠረ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉ ሀጂ።

«ልክ ነው፣ አጥፍቻለሁ። የእግሩ ነገር አስጨንቆኝ ነው ያደረግኩት። ግን ሀጂ፣ እኔን መክሰስ ከቻለ ሌላም ይክሰስ።»

«ማንን?»

«አጥንቱን።»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ሳቀ። «ብረት ይከሰሳል እንዴ?»

«ለምን አይከሰስም? ሰውነቱ ውስጥ ገብቶ የሚያሰቃየው ማነው? እኔ ነኝ?»

ሀጂ አልሳቁም። «ዕቃ አይከሰስም» አሉ በዝግታ። «ግን ይሄኛው በጠያቂው አፍ በየጠዋቱ ሰላም ይላል አላችሁኝ። ሰላም የሚል ከሆነ ተጠርቶ ለመቅረብ ምን ይከለክለዋል? አምጪው።»

ሉባባ ሮጣ ሄዳ ጠያቂውን አመጣችና በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። እንድሪስ ያንን ትንሽ ሳጥን አየ። ነገሩ ቀልድ እንደሆነ የሚነግረው ሰው ፈልጎ ዞር ዞር አለ፤ አላገኘም።

«እንድሪስ ይመር» አሉ ሀጂ፣ በዚያው በከሳሽ መጥሪያ ድምፃቸው። «ይህ አጥንት ምን አደረገህ?»

ሰሌዳ አጣቢው ማሽን ከበላያቸው እየተንሸራተተ አለፈ።

«በሰላም ገባ» አለ እንድሪስ። «ሰውነቴን ሰጠሁት። ስንሄድ አብረን ሄድን፣ ስንተኛ አብረን ተኛን። ከኢድ ወዲህ ጠባዩን ለወጠ። ፀሐይ ስትጠልቅ ይጀምራል። ከቁርጭምጭሚቴ ይነሳና እንደ ጋለ ሚስማር ወደ ላይ ይወጣል። አንሶላ ሲነካኝ ይጮኽብኛል። ልጄ ማዶ ተኝታለችና እንዳትሰማ ትራሱን እነክሳለሁ። ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ስወርድ መጀመሪያ እግሩን በእጄ አንስቼ ነው የማወርደው፣ እንደ ሰው ዕቃ። ምን በደልኩት? በየቀኑ አመሰገንኩት።»

ሉባባ የትራሱን ነገር አታውቅም ነበር። ጨርቁ ለምን እንደሚቀደድ ግራ ገብቷት፣ ባለፈው ሳምንት አዲስ ልብስ ሰፍታለታለች።

«የባለቤቱ ቃል ተሰምቷል» አለ ጠያቂው። «ከዜሮ እስከ አስር—»

«ዝም በል፣ ተራህ ገና ነው» አሉት ሀጂ። ጠያቂው ዝም አለ። እንድሪስ መጨረሱን በዓይናቸው ጠይቀው ካረጋገጡ በኋላ ወደ ጠያቂው ዞሩ። «እሺ። አሁን ተናገር። ምን ትላለህ?»

«ከኢድ ማግስት ጀምሮ በአጥንቱ ዙሪያ ሙቀት ጨምሯል። ግፊት ጨምሯል። በየቀኑ አሳውቄአለሁ። ባለቤቱ በየቀኑ ደህና ነኝ ብለዋል።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተነስተው እስከ አጥሩ ሄዱ። ተንሾካሾኩ። ተመልሰው ሲቀመጡ ሀጂ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«እንድሪስ፣ ይሄ ብረት አልዋሸም። መጣብህ፣ ነገረ። የደበቅከው አንተ ነህ። አላህን አመሰግናለሁ ብለህ ነው፤ ምስጋናህን ማንም አልነካብህም። ነገር ግን እሱ የጠየቀህ ስለ አላህ አይደለም፤ ስለ ቅልጥምህ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሲጠይቅህ አንዳች ሳትደብቅ ትነግረዋለህ። ይህ ፍርዳችን ነው። ትቀበላለህ?»

በሽማግሌ ፊት እምቢ የሚል ሰው በዚያ ሠፈር አልኖረም። «እቀበላለሁ» አለ።

«አሁን ቁጥሩን ጠይቀው» አሉ ሀጂ ለጠያቂው።

«ከዜሮ እስከ አስር፣ ህመምዎ ስንት ነው?»

«ሁለት» አለ እንድሪስ።

«እንድሪስ!» አሉ ሀጂ።

«እሺ፣ አራት።»

«ቀይ የሚጀምረው ከአምስት ነው» አለች ሉባባ በጥርሷ መሐል።

«ትራስ ነክሰህ አራት?» አለ ጋሽ ወንዳፍራሽ። «በስንት ነው ታዲያ አልጋውን የምትነክሰው?»

«ስድስት ይሁን፣ በቃ። አትጩሁብኝ።»

«ስድስት ተመዝግቧል» አለ ጠያቂው።

ሉባባን በተመለከተ ሽማግሌዎቹ አጭር ነበሩ፤ ይቅርታ ትጠይቅ ተባለ። ተነስታ ጎንበስ አለችና የአባቷን ጉልበት ሳመች። በሱሪው ጨርቅ በኩል ሙቀቱ ከንፈሯን ፈጀው። መርዙ ጉልበቱ ላይ ደርሷል። ሳትቀና እንዳጎነበሰች ቆየች፤ ሀጂ የጸጸት መስሏቸው «ይበቃል ልጄ፣ ይቅር ብሎሻል» አሏት።

ሐሙስ ዕለት በጣቢያው ኮሪደር ላይ ሰው እንደ መናኸሪያ ተጋፍቷል። ከማተሚያው ክፍል በየተወሰነ ጊዜ አንዲት ሴት ብቅ እያለች ትጮኻለች። «የእንድሪስ ይመር አጥንት ወጥቷል! ቤተሰብ ካለ!» ሉባባ ሄዳ ስሙን አረጋገጠች። ብረቱ የማተሚያው ሙቀት ገና አልለቀቀውም። ያለፈው ዓመት ብረት ቀጥ ያለ ነበር። ይሄኛው ረዝሟል፤ ላይኛው ጫፉ ላይ ሰፋ ያለ ክብ አለው።

ሐኪሟ ዶክተር ሳምራዊት ትባላለች። ቆማ ነው የምታወራው፤ ለመቀመጥ የረሳች ትመስላለች።

«ጉልበቱ ተነክቷል» አለች። «ጨምሬ ነው ያሳተምኩት። እግሩ አይቆረጥም። ግን አንድ ወጥ ነው፤ አይታጠፍም። የሚታጠፍ ለመሥራት ከላይ ንጹሕ አጥንት ያስፈልገኝ ነበር። ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ እኮ... ለምን ዘገያችሁ?»

ሉባባ ለማስረዳት ከየት እንደምትጀምር አሰበች። ስለ ሕጉ፣ ስለ ሽልማቱ፣ ስለ ሰላምታው።

«ደህና ነኝ ሲል ነበር» አለች።

ዶክተር ሳምራዊት ራሷን ነቀነቀች። «እዚህ ሁሉም ደህና ነው» አለችና ወደሚቀጥለው በሽተኛ ገባች።

እንድሪስ ከቀዶ ሕክምናው ሲነቃ ሁሉን ነገሩት። «ለመሄድ ይሆናል?» አለ። ይሆናል አሉት። «አልሐምዱሊላህ» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ለመስገድስ?» አለ። በወንበር ይሰግዳሉ ተባለ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም።

የሀጂ ግቢ ፍርድ ተሰማ። በሳምንቱ አንዲት የሐርቡ ሴት ዳሌዋን ከሰሰች። ከገርባ ሁለት ወንድማማቾች ክርናቸውን ይዘው መጡ። ሀጂ ኑርሁሴን ቀን መድበው ማስቻል ጀመሩ። ተከሳሾቹ አጥንቶች አንድም ጊዜ አልተፈረደባቸውም። የዞኑ ካርታ ቀላ፤ ሽልማቱም ከፉአድ ራስ በላይ ወርዶ ቦታው ላይ የነጣ አራት ማዕዘን ቀረ። ከላይ አንድ አጣሪ ቡድን ተላከ። ለዓመታት ህመም ባልነበረበት ሕዝብ ላይ በድንገት ህመም የቀሰቀሰው ምን እንደሆነ፣ ውኃው ይሁን አየሩ፣ እያጠና ነው። ሉባባንም ጠይቀዋታል። «ህመሙ በሠፈራችሁ የጀመረው መቼ ነው?» አሏት። ለሥራ እንደረፈደባት ነግራቸው ሄደች።

እንድሪስ ፍርዱን በጥብቅ ይዟል። ችግሩም ይኸው ሆነ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ እንዴት አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ። ስፌቱ ያሳክከኛል። ወንበሩ መቀመጫዬን ይቆረቁረኛል። ትራሱ ከፍ አለብኝ። ሻዩ ስኳር የለውም፤ ይህች ልጅ ስኳሩን ደብቃብኛለች።»

«ሻይ በህመም አይመዘገብም።»

«አንዳች አልደብቅም ብዬ ለሽማግሌ ቃል ገብቻለሁ። መዝግብ።»

«አባ፣ ሰርቪሱ አመለጠኝ» አለች ሉባባ። አንድ ጫማዋን አድርጋ ሌላውን ከአልጋው ሥር ትፈልጋለች። በዚህ ሳምንት አንድም ቀን በሰዓቱ አልደረሰችም።

«ሌላ የሚያምዎት ቦታ አለ?» አለ ጠያቂው።

እንድሪስ የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠ። ሉባባ ያለቀ መስሏት ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደች።

«ግንባሬን» አለ።

«ግንባርዎን ምን ሆኑ?»

«መሬት ሳይነካ ከረመ።»

«ከዜሮ እስከ አስር፣ ስንት ነው?»

እንድሪስ አሰበ። በሽማግሌዎቹ ፊት እንዳደረገው አልተከራከረም። የተዘረጋ እግሩን አየ፣ ወለሉን አየ።

«አስር» አለ።

«አስር ተመዝግቧል። እርዳታ መንገድ ላይ ነው። እባክዎ አይንቀሳቀሱ።»

«ቆይ፣ ቆይ፣ እንደሱ ማለቱ አይደለም!» አለች ሉባባ።

«የሉባባን ድምፅ ሰምቻለሁ። እንዴት አደርሽ ሉባባ?»

አምቡላንሱ ሠፈሩን እየቀሰቀሰ መጣ። ጎረቤት በየበሩ ወጣ፤ ጋሽ ወንዳፍራሽ በነጠላ ጫማ እየሮጠ ደረሰ። አንዲት ወጣት ነርስ ቃሬዛ ከያዙ ሁለት ሰዎች ጋር ገብታ እንድሪስ አጠገብ በርከክ አለች።

«አባባ፣ የት ላይ ነው ያመመዎት?»

እንድሪስ በጣቱ ግንባሩን አሳያት። ነርሷ መዳፏን አስቀመጠችበት፤ ትኩሳት እንደሆነ ለማየት ቆየት አደረገችው። እንድሪስ ዓይኑን ጨፈነ። ሉባባ አንድ እግሯ ባዶውን በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው።

ነርሷ እጇን አነሳችና «ራስ ምታት» ብላ መዘገበች።